ያልነበረው የቁልቋል ወተት

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ አልተናገርኩም። እናቴም ሳልነግራት ሞተች። ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እሳቸው ፊት እንበረከክና ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በጾም ቀን የቀመስኩትን ሳይቀር እናገራለሁ። ይህችን ግን እዘላታለሁ። ለምን እንደምዘላት ኋላ ሲደርሱበት ይገባዎታል። እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔም አላውቅዎትም። ነገ ፊትዎን አላይም። ለዚህ ነው ለእርስዎ የምጽፈው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቃል ከጎደለኝ ይሙሉልኝ፤ ጥፋቴን ግን አይቀንሱልኝ።

እኔ የልጄን ዓይን ያጠፋሁ ሴት ነኝ። አጥፍቼም ጥፋቱን በሰው ልጅ ላይ የጫንኩ ሴት ነኝ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ይህንኑ ነው።

ቤታችን አሰላ ውስጥ ከላይ በኩል፣ ከተማው አልቆ የገብስ ማሳ የሚጀምርበት ነው። ባለቤቴ ተስፋዬ ጎሚስታ ነው፤ አስፋልቱ ዳር ጎማ ይለጥፋል። አጥር የሚጋሩን ሐጂ ቃሲምና ሚስታቸው አዴ ፋጡማ ናቸው። ሐጂ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ በሳጉሬ ገበያ ቀን ሌሊት ተነስተው ይሄዳሉ። ከዲጃ የእነሱ የመጨረሻ ልጅ ናት። በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ትጠብቅ ነበር። የእኔ ረድኤት ደግሞ ስምንት ዓመቷ ነው።

ከዲጃ ሜዳ መሄድ ትወድ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ወደ መሀል ከተማ ሲወርዱ እሷ ወደ ጭላሎ ተራራ በኩል ትወጣለች። ሥራ ኖሯት አይደለም። አበባና ቢራቢሮ ልታይ ነው የምትሄደው። ስትመለስ በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ ታሳየናለች። አንዲት ትንሽ አበባ ለማንሳት ጭቃ ላይ በደረቷ ትተኛለች፤ አዴ ፋጡማ ቀሚሷን እያዩ፣ «ይህቺን ልጅ ማን ያገባታል፣ ገበሬ እንኳን እንዲህ አይጨቀይም!» ይላሉ። እሷ ትስቃለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ረድኤትን መውሰድ ጀመረች። ሁለቱ የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው፤ ቢራቢሮ ቀድሞ ያየ ስም ያወጣላታል። ነጯ «ነጠላ ለባሽ» ነበረች። ቢጫዋ «ቅቤ»፣ ቀይና ጥቁር የተቀላቀለባት «ነብሬ»። በተልባ ማሳ ላይ የምትበር ትንሽዬ ሰማያዊ ነበረች፤ እሷን ረድኤት «የተልባ ልጅ» አለቻት። አበባው ራሱ ተነስቶ የበረረ ነው የሚመስለው። ከዲጃ በኦሮምኛ «ቢላቻ» እያለች ትጠራቸዋለች፤ ረድኤት ቢራቢሮ ናት ብላ ትሟገታለች። ማንኛውን ቋንቋ እንደሚሰሙ ሲከራከሩ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማቸው ነበር።

እኔ ግን ፈሪ ነኝ። ሁልጊዜም ፈሪ ነበርኩ። ከረድኤት በፊት አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ትኩሳት ይዞት እኔ ቅጠል እየቀጠቀጥኩ ሳጠጣው ቆይቼ፣ ሐኪም ቤት ስደርስ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ያኔ ተስፋዬ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። «ሁለተኛ በዚህ ቤት ቅጠል እንዳላይ» አለኝ፤ አስምሎ አስገዘተኝ። እኔም ማልኩ። ከዚያ ወዲያ የወለድኳትን ልጅ ከነፋስም ከፀሐይም ስሸሽግ ነው የኖርኩት። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። የማልኩትን እንዲያውቁ ነው።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ምችን ነበር። የመስከረም ፀሐይ ምች ታመጣለች። በፀሐይ አበባ ያሸተተ ሰው ምች ይመታዋል። እናቴ እንዲህ ብላኛለች፤ እሷንም እናቷ። ረድኤት በሩን በወጣች ቁጥር ሻርፕ እጠመጥምባታለሁ፤ «አበባ እንዳታሸቺ» እላታለሁ። ከዲጃ ትቀልድብኝ ነበር።

«እትዬ ዘነበች፣ ፀሐይዋን ራሷን ሻርፕ ቢያለብሷት ይሻል ነበር እኮ! ለልጅቱ መተንፈሻ ይተዉላት።»

«አንቺ ምን አለብሽ፣ ስትወልጂ ታዪዋለሽ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ረድኤት አፍንጫዋ ላይ ቢጫ ብናኝ ይዛ ገባች። «አሽተሻል!» ብዬ ስጮህባት፣ «እኔ አላሸተትኳትም፤ እሷ ናት ያሸተተችኝ» አለችኝ። ሳቄን ዋጥኩ እንጂ አልሳቅኩም። ምነው ስቄ ቢሆን።

በመስከረም አንድ እሑድ አብሬያቸው ሄድኩ። ለማየት አልነበረም፤ ለመጠበቅ ነበር። ጃንጥላ ይዤ ከኋላ ከኋላቸው ስል ከዲጃ ዞር ብላ፣ «ዛሬስ ዘበኛ ይዘን ነው የወጣነው» አለች። ከላይ ስንደርስ ግን ቆምኩ። እዚሁ ከተማ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ ያንን ሜዳ አላየሁትም ነበር። አደይ አበባው ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ ወርዷል። ከድንጋዩ ሥር ከዲጃም ስሙን የማታውቀው ወይን ጠጅ አበባ አለ፤ ረድኤት «ቄስ ነው» አለችው፣ ቆብ የደፋ ይመስላል። በባቄላው ማሳ ላይ ነጠላ ለባሾቹ ተጠራቅመው ይበራሉ። ልጄ እጇን ዘርግታ ቀጥ ብላ ቆመች። አንዷ መጥታ ጣቷ ላይ አረፈች። ረድኤት ትንፋሿን ውጣ በዓይኗ ብቻ ጠራችኝ፤ «እማዬ፣ እይ» ማለቷ ነበር። በሁለት ዓይኗ። አየሁ። በዚያች ደቂቃ ፈርቼ አልነበረም። በሕይወቴ ያልፈራሁባት ደቂቃ እሷ ብቻ ናት መሰለኝ።

ስንመለስ በአንድ የገበሬ አጥር ጥግ አለፍን፤ አጥሩ ቁልቋል ነበር። ረድኤት ልትነካው እጇን ስትሰድ ከዲጃ ፈጥና እጇን ያዘቻትና ሳበቻት። «ይህን እንዳትነኪ የኔ ቆንጆ፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል» አለቻት። ልጄ አልነካችውም። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልነካችውም። ይህን እዚህ ላይ በደንብ ልጻፈው፤ በአፌ ደፍሬ ተናግሬው አላውቅምና። ልጄ ቁልቋል አልነካችም። ከዲጃም ቆርጣ አልሰጠቻትም። እጇን ይዛ ያዳነቻት እሷ ናት።

ከዚያ ሰንበት በኋላ ረድኤትን ትኩሳት ያዛት። ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጣ። ምች ነው አልኩ። ማንም ይህን ነው የሚለው። ቀጥሎ አንድ ዓይኗ ቀላ፤ ያለቅሳል። «እማዬ፣ ብርሃኑ ይወጋኛል» አለችኝ። ምቹ ዓይኗ ውስጥ ገባ አልኩ። ተስፋዬ ጎማ ሊያመጣ አዳማ ወርዶ ነበር። እኔም የማልኩትን ረሳሁ ልበልዎት? አልረሳሁም። በሩን ዘግቼ ነው ያደረግኩት፤ የረሳ ሰው በር አይዘጋም።

ጓሮዬ ውስጥ ዳማ ከሴ ነበር። ቀንበጡን ቆረጥኩ። በመዳፌ መሀል አሸሁት፤ አረንጓዴው ውኃ ወጣ። ልጄን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ሽፋሽፍቷን ገልብጬ ጨመቅኩባት። እኔ ነኝ የጨመቅኩባት። ጮኸች። «ያቃጥላል! እማዬ ያቃጥላል!» አለች። ያቃጠለው በሽታው ሲወጣ ነው አልኳት። በማግሥቱም ጨመቅኩባት። በሌላውም ቀን። እግሯን በጉልበቴ ይዤ፣ እጇን በነጠላዬ ጠፍሬ፣ በዚያ በምወዳት እጄ። የትኛዋ ጠላት ነች ለልጅ እንዲህ የምታደርግ? «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አልኳት። እሺ አለችኝ። መቼም እሺ ነው የምትለኝ።

ከዲጃ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «እትዬ፣ ረድኤት ምነው ጠፋች?» አለች። ዓይኗን አሟታል አልኳት። «ሐኪም ቤት ይውሰዷት እንጂ! እኔ ልውሰድልዎ፣ ባጃጅ ልጥራ?» አለችኝ። ተሽሏታል፣ ተኝታለች አልኩ። ያኔ ብትወስዳት ምናልባት ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እሷ ልታድናት ሁለት ጊዜ እጇን ዘረጋች። ሁለተኛውን እኔ መለስኩት።

ተስፋዬ ሲመለስ የልጅቱ ዓይን መሀሉ ነጣ ብሎ ደፍርሶ ነበር። «ይህ ዓይን ምን ሆነ?» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። የቀበርነው ልጅ በመሀላችን ቆመ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ያልኩት ግን፦ «ከከዲጃ ጋር ሜዳ ሄደው... ቁልቋል ነክቷት ይሆናል።»

ይሆናል ነበር ያልኩት። ተስፋዬ ልጅቱን ተሸክሞ እየሮጠ ጤና ጣቢያ ስንደርስ የጤና መኮንኑ ጠየቀኝ። «ዓይኗ ላይ ያደረጋችሁበት ነገር አለ? ቅጠል ምናምን?» አለ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበር። የለም አልኩ። «ቁልቋል ነው መሰለኝ።» እሱም ቁልቋል ብሎ ጻፈ፤ እንደ ቁልቋል አከማት። ውሸቴን ነበር የሚያክመው፤ የልጄን ዓይን አልነበረም። ባልሻላት ጊዜ ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት ሄድን፤ አንድ የዓይን ሐኪም ረጅም ጊዜ አየና፣ «ይህ የቁልቋል አይመስለኝም። በጀመረ ጊዜ ብትመጡ መድኃኒት ነበረው። ርግጠኛ ነሽ ሌላ ነገር አልገባበትም?» አለኝ። ይህ የመጨረሻው በር ነበር። ርግጠኛ ነኝ አልኩት። የልጄ ግራ ዓይን እንደ ወተት ነጥቶ ቀረ።

«ይሆናል» ያልኩት «መሰለኝ» ሆነ። «መሰለኝ» ያልኩት እንዴት «ነው» እንደሆነ ልንገርዎት።

ተስፋዬ ሐጂ ቃሲም በር ላይ ሄዶ ጮኸ። ሐጂም፣ «የልጄን ስም አታጥፋ» አሉ። ነገሩ እንዳይከር ሽማግሌ ተቀመጠ። በእነሱ በኩል ሁለት ሽማግሌዎች፣ በእኛ በኩል አንድ የዕድራችን አዛውንትና የእኔ የንስሐ አባት። አዎ፣ እሳቸው። አሁን ለምን ለእሳቸው መናዘዝ እንዳቃተኝ ገባዎት? ዳኛ አድርጌ የዋሸኋቸውን ሰው እንዴት አድርጌ አባቴ ይፍቱኝ ልበል? ፈርደዋል እኮ፤ በእኔ ቃል ፈርደዋል።

ከዲጃን መሀል አቆሟት። «ወላሂ አልነካችም። እጇን ይዤ አስቀረኋት እንጂ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ የሚመሰክርላት ሰው ያገኘች ነበር የምትመስለው።

«እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ አብረውን ነበሩ እኮ። ይንገሯቸው።»

አንደኛው ሽማግሌ፣ «እውነት ነው፣ አብረሽ ከነበርሽ አንቺ ተናገሪ። ዓይንሽ አይቷል?» አሉኝ።

እኔም፣ «አይቷል» አልኩ።

«ምን አየ?»

«ከዲጃ እጇን ስትይዝ አይቷል። ቆርጣ ስትሰጣትም አይቷል። ስለነበርኩ ነው የምናገረው።»

እጅ መያዟን ከእውነቱ ወሰድኩ፤ የቀረውን ከራሴ ጨመርኩ። ውሸት እንዲህ ነው የሚሠራው። ከዲጃ አፏን ከፍታ አየችኝ፤ አየችኝና ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ከዚያ የምትናገረው ሁሉ ተንተባተበ። «እኔ... ዞር ስል ነክታ ይሆን?... ፎቶ ሳነሳ...» አለች። ትልቅ ሰው፣ የልጂቱ እናት፣ አየሁ ካለች እሷ ማን ናት? በገዛ ትዝታዋ ላይ የእኔን አመነች። ሐጂ ቃሲም ያንን ሁሉ ሽበት ይዘው ጎንበስ ብለው ተስፋዬን ይቅርታ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። እኔም አሜን አልኩ። ምን የሚሉት አሜን ነው?

ከዚያ ወዲያ ከዲጃ ሜዳ አልወጣችም። ስልኳ ላይ የነበሩትን አበቦች በሙሉ እንዳጠፋቻቸው አዴ ፋጡማ ነገሩኝ፤ ለእኔ ለተበዳይዋ ማጽናኛ ይሆናል ብለው ነበር የነገሩኝ።

አሁን ደግሞ ከዚህ የባሰውን ልንገርዎት። ረድኤት ታውቅ ነበር። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጭኔ ላይ ተኝታ ያቃጥላል ብላ የጮኸችው እሷ ናት። መጀመሪያ ሰሞን፣ «እማዬ፣ ከዲ እኮ ምንም አላደረገችኝም» ትለኝ ነበር። እኔም፣ «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ረስተሽው ነው። ቁልቋል ሰጥታሽ ነበር» እላታለሁ። «ቅጠሉስ?» ስትለኝ፣ «ቅጠሉ ሊያድንሽ ነበር፤ ከዚያ በፊት ነው ዓይንሽ የታመመው» እላታለሁ። ጸጉሯን ስሠራት እላታለሁ። ስትበላ እላታለሁ። ጎረቤት ሲጠይቅ እሷ ፊት እናገራለሁ። እየቆየች ጥያቄዋ ቀነሰ። እየቆየች ዝም አለች። አንድ ቀን የክፍሏ ልጆች ሲጠይቋት ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማኋት፦ «አንድ ጎረቤታችን የነበረች ልጅ ቁልቋል ቆርጣ ሰጠችኝ። ወተቱ እጄ ላይ ተጣበቀ፤ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ ዓይኔን አሸሁት።» ቀዝቃዛ ነበር አለች! እኔ እንኳን ያላልኩትን ጨምራበታለች። ያንን ወተት በልጄ ራስ ውስጥ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ዓይኗን ብቻ አይደለም፤ ዓይኗ ያየውንም ወሰድኩባት። ጣቷ ላይ ያረፈችውን ቢራቢሮ ታስታውስ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ከጠየቅኳት ቀኑን ሙሉ ታስታውሰው ይሆናል፤ ይህን እፈራለሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዲጃ ለሥራ ዐረብ አገር ልትሄድ ሆነ። ሙስሊሞቹ ሩቅ ሲሄዱ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረው አፉ በሉኝ ይላሉ፤ የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የሰው ሐቅ ተሸክመው መንገድ አይወጡም። ከእናቷ ጋር በሬ ላይ ቆመች። ከስታ ነበር። አላየኋትም እንዳልል አየኋት። ገብታ ጉልበቴን ልትይዝ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ሳላውቅ ነው። ሳላይ ቀርቼ ነው። አፉ ይበሉኝ» አለች።

ይህን ይስሙኝ። እኔ ያጠፋሁትን እሷ ይቅር በይኝ ብላ ከእግሬ ሥር ወደቀች። ዕዳው የእኔ፣ ለቅሶው የእሷ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ነፃ ሆና ትሄድ ነበር። እኔ ግን እጄን ራሷ ላይ ጭኜ፣ «አፉ ብያለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ» አልኩ። ረድኤትን ጠርቼ፣ «ይቅር በያት» አልኳት። ልጄ በአንድ ዓይኗ ፊቴን አየች፤ «እማዬ?» አለች። ረስተሽው ነው ካልኳት ነገር ጥቂት ቀርቷት ነበር መሰለኝ። «በያት» አልኳት። «ይቅር ብዬሻለሁ ከዲ» አለች። ከዲጃ አቅፋት አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ረድኤት ስለ ቅጠሉ አንድም ቀን አላነሳችም።

አዴ ፋጡማ፣ «ዘነበች ይቅር ባይ ናት» እያሉ ስሜን በሠፈሩ አነሱት። በረመዳን የምስር ሳምቡሳ ይልኩልኛል፤ ሥጋውን እንደማልበላ አውቀው ለእኔ ለብቻው ነው የሚጠብሱት። ትኩሱን ሳሕን ከእጃቸው ስቀበል ምን እንደምሆን እርስዎ ይገምቱ። እበላዋለሁ። መልሼው አላውቅም።

ሐጂ ቃሲም ሞቱ። ከዲጃ ኮንትራቷ ሲያልቅ አልመጣችም፤ እንደገና ፈረመች። ዘንድሮ ደግሞ አዴ ፋጡማ በኩላሊት ወደቁ። ልጄን አምጡልኝ ይሉ ነበር። ከዲጃ ግን፣ «የረድኤትን ዓይን ማየት አልችልም፤ እዚያ ሠፈር መቆም አልችልም» ትላለች። ልጠይቃቸው በገባሁ አንድ ከሰዓት በኋላ አዴ ፋጡማ ስልኩን ይዘው ጠበቁኝ።

«ዘነብ፣ ካንቺ አፍ ብትሰማ ትመጣለች። ንገሪያት» አሉኝ። እጃቸው አብጦ ስልኩን መያዝ አቅቷቸው ነበር።

ስልኩን ተቀበልኩ። የከዲጃ ፊት መስታወቱ ላይ መጣ፤ ሰፊ ግንባሯ ያው ነው። «እትዬ?» አለች። እናቷ ከጎኔ ተኝተው አፌን አፌን ያያሉ። ከዚህ የበለጠ ቀን አይመጣም ነበር። ምንም አላደረግሽም፣ እኔ ነኝ፣ ነይ፤ ይኸው ነበር የሚባለው። ሕፃን እንኳን ሊለው የሚችል ነገር ነው። እኔ ምን አልኩ? «ከዲዬ፣ እኔ እኮ ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ። ያለፈው አልፏል፤ ነይ» አልኳት። ሁለተኛ ይቅር አልኳት! ሁለተኛ! አለቀሰች፤ «አላህ ይስጥልኝ እትዬ። እርስዎ ይቅር ብለዋል፤ እኔ ግን ለራሴ አፉ ማለት አቃተኝ» አለችና ዘጋች።

አልመጣችም። አዴ ፋጡማ በሩን በሩን እያዩ ሞቱ። ቀብራቸውን ከዲጃ በስልክ ነው ያየችው፤ አንድ ዘመድ ከመቃብሩ ዳር ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞላት ነበር። ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜ ከስልኩ የወጣውን ዋይታ ሰማሁ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ከምን እንደመጣ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ምን ልበልዎት? ፈሪ ስለሆንኩ ነው ልበል? ፈሪ ሰው ሁሉ የሰው ልጅ በቁሟ አይገድልም። አላዋቂ ስለሆንኩ ነው ልበል? ዳማ ከሴውን ስጨምቅ አላወቅኩም ይሆናል፤ «አይቷል» ስል ግን አውቄ ነበር። ያጣሁት ልጅ ነው እንዲህ ያደረገኝ ልበል? ከዲጃስ የማን ልጅ ነበረች? ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታን ሁለት ጊዜ በእጄ ይዤ፣ በአፌ ሰጥቼ፣ ምን እንዳደረግኩበት አይተዋል። የከዲጃ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ይህን ጽፌ ስጨርስ እደውልላታለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። እስካሁን አልደወልኩም።

አሁን፣ ይህን ስጽፍ ረድኤት ከትምህርት ቤት ገባች። አድጋለች፤ ቁመቷ በልጦኛል። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ የምታይበትን ዓይኗን ወደ ወረቀቱ አዙራ፣ «እማዬ፣ ምን እየጻፍሽ ነው?» አለችኝ።

«የዕድር ነገር ነው» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ። አመነችኝ።